በቅበላ ሳምንት ባዶ ሆድ ፍለጋ

ጎጃም ሄጄ ቅቤ ሳልቀምስ እመለሳለሁ ብዬ ለልጄ ቃል ገብቼ ነበር። ይህን ድሬዳዋ ላሉት ወዳጆቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ሳቃቸው ልክ እንደ ነበር አሁን በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ብዙዎቻችሁ ያን አገር እንደማትሄዱበት ስለማውቅ መንገዱንም ማደሪያውንም ማዕዱንም እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። የበላሁትንም አልደብቅም፤ ልጁን እውነት ተናገሪ ብሎ ያሳደገ አባት በወጥ አይዋሽም።

እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከእጄና ከመጽሐፍ ነው። የድሬ ውኃ ኖራ አለበት፤ ጊዜ ሲቆጥር ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። ሱቄ መደርደሪያ ላይ ለደንበኛ የማሳየው አንድ ቁራጭ ቧንቧ አለ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ በአፉ ሲመለከቱት ግን የስንዴ ፍሬ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ነው የቀረው። አምና ልጄ ቤዛ ደሜን አስመርምራ፣ «አባዬ፣ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል። ልብህን እንዳይጎዳው መድኃኒት ትጀምራለህ፤ ቅቤና ጨውም ትቀንሳለህ» ስትለኝ ያን ቁራጭ አነሣሁና፣ «እኔ ማለት እንግዲህ ይኼ ነኛ?» አልኳት። ሳቀች። መድኃኒቱን ጀመርኩ።

ቤዛ የጤና ተመራማሪ ናት። ጥናቷን የምታካሂደው በምዕራብ ጎጃም ገበሬዎች ላይ ነው። ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል፤ ቅቤና ሥጋ ሲበላ የከረመ ሰው ዐቢይ ጾምን ሲጾም በደሙ ውስጥ ያለው ቅባት ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ የዚያኑ ሰው ደም አንድ ጊዜ ጾሙ ሳይገባ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጾሙ ሊፈታ ሲል መውሰድ አለባት። ሁለቱንም ጊዜ ሰውየው ከእራት በኋላ ምንም ሳይቀምስ ያደረ መሆን አለበት። ከሁለት መንደሮች አንዱን ጨርሳለች። ሁለተኛው የደረሳት በቅበላ ሳምንት ነበር፤ ሰው ሁሉ ሥጋውንና ቅቤውን በሚሰናበትበት፣ በየቤቱ ብሉልን ጠጡልን በሚባልበት ሳምንት። ሰኞ ጾሙ ይገባል። ከዚያ በፊት የዚያን መንደር ሰዎች ደም ካላገኘች የሁለት ዓመት ልፋቷ ግማሹ ሜዳ ላይ ይቀራል።

«ና ሥራዬን እይልኝ» አለችኝ። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ሥራ አላሞግስም፤ የልጄንም ቢሆን። ያን ቁራጭ ቧንቧ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩና ተነሣሁ። ለገበሬዎቹ አስረዳበታለሁ ብዬ ነው።

ሐሙስ

ከድሬ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁና እዘለዋለሁ። ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ደምበጫ የሚወርዱ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ።

«ለቅበላ ነው የሚሄዱት?» አሉኝ።

«የለም፤ ልጄ የቅቤንና የልብን ነገር ታጠናለች። ቅቤ መብላት ልብን ምን ያህል እንደሚጎዳ ማለት ነው። እሷን ለማየት ነው።»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ጌታዬ፣ ይኸን ነገር ሰኞ ብትጀምሩት ምን ነበረበት?» አሉ።

ከፊት ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዱ አልገባኝምና ስለ ልከኛ አበላል ትምህርት ጀመርኩላቸው። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ከኪሳቸው አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፤ «ይኸስ ይፈቀዳል?» አሉ። ይፈቀዳል። ደምበጫ እስኪወርዱ ድረስ እየተካፈልን ሄድን።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ተሳፋሪው ጋቢውን ገፈፈ፣ ወረቀት አራገበ፣ አማረረ። እኔ ደስ አለኝ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ አየሩ የአገሬን አየር የመሰለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ ግን ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ። እነሱ ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱ፤ እኔ የድሬ ሸሚዜን ለብሼ ተንቀጠቀጥኩ። በሰው ምሬት የሚስቅ ዋጋውን ያገኛል።

ቤዛ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። አብሯት የላቦራቶሪ ባለሙያው ይበልጣል ነበረ፤ የአካባቢው ልጅ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው። ሻንጣዬን ሲቀበለኝ፣ «አባባ፣ ድንጋይ ነው እንዴ ያመጡልን?» አለኝ። «በከፊል» አልኩት።

ያደርንባት ማረፊያ ትንሽ ናት። እጄን ልታጠብ ስገባ ሳሙናው ገና ውኃ እንደ ነካው አረፋ ሆነ። ድሬ እኮ ሳሙና ስናሽ ክንዳችን ይዝላል! ቧንቧውን ከፍቼ ውኃውን በመዳፌ ይዤ አየሁት፤ እንደ ዝናብ ለስላሳ ነው። እዚህ አገር በእኔ ሙያ የሚኖር ሰው በረሃብ ይሞታል ብዬ አሰብኩ። ደግነቱ የቧንቧው አፍ ያንጠባጥብ ነበርና መፍቻዬን አውጥቼ ጎማውን ገልብጬ ገጠምኩት። የማረፊያዋ ባለቤት ያን ስታይ ለእራት አንድ ሳህን ጥብስ ላከችልኝ። ቤዛ ሳህኑን በትሕትና ወደ ይበልጣል ገፋችውና ለእኔ ምስር አዘዘች። የመጀመሪያውን ቀን ቃሌን ጠበቅሁ፤ እኔ ሳልሆን ልጄ ጠበቀችልኝ ማለት ይሻላል።

ዓርብ

ወደ ቡሬ የሄድነው በሚኒባስ ነው። ይበልጣል ደሙ የሚጓጓዝበትን ቀዝቃዛ ሣጥን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። ረዳቱ አየውና፣ «ምን አለበት እሱ?» አለ።

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ታቅፈኸው ምን ያደርግልሃል? አውርደው፣ ሰው ይቀመጥበት!»

እውነትም አንዲት ዶሮ የያዙ ሴት ተቀመጡበት። ይበልጣል እስከ ቡሬ ድረስ፣ «እናቴ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ የሰው ልብ ነው የሚገባበት» እያለ ሲለምን ሄደ። ሴትዮዋ ደግሞ፣ «ልቤን እንኳ ዶሮዋ ይዛዋለች» ይሉታል።

ቡሬ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ወደ ነቀምት የሚወርደው መኪና፣ እህል የጫነው፣ ባጃጁ ሁሉ እዚያ ይጋፋል። ግፊያው የድሬውን ከዚራ ሰፈር አስታወሰኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ነው የጎደለው። እዚያ የምናገኛቸው ሰው ሐጂ ሰይድ ነበሩ፤ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጡ ነጋዴ። ለደሙ የሚያስፈልገውን በረዶ ቤዛ በእርሳቸው ማቀዝቀዣ ነው የምታስቀምጠው። አስቀድመው ጠርሙሶቻቸውን አውጥተው ለበረዶው ቦታ ለቀውላት ነበር።

ምሳ ቀርቦ ሳየው ሽሮና ጎመን ነው። «ዓርብ አይደል?» አሉ ሐጂ። «እናንተ ጾመኞች ናችሁ። ለእኛም ቤት ዛሬ ይኸው ነው የተሠራው፤ ሁለት ማዕድ አንዘረጋም።» እኔ ሃምሳ ዓመት ከሙስሊም ጎረቤት ጋር የኖርኩ የድሬ ሰው ነኝ፤ ይህን የመሰለ ነገር አዲስ አይሆንብኝም። ከቤቴ ርቄ ሳገኘው ግን ሽሮውን ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ሣጥኑ ሲሞላ ሐጂ ተጨማሪ በረዶ በሌላ ዕቃ አድርገው አመጡ። ቤዛ፣ «ሐጂ፣ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ጨርሰን እንመለሳለን፤ ይበቃናል» አለቻቸው።

«ለእሑድም ይሁናችሁ። በቅበላ ገጠር የገባ እንግዳ ባሰበው ቀን ሲመለስ አይቼ አላውቅም።»

ከቡሬ በባጃጅ፣ ባጃጁ ያቃተውን በእግር አድርገን ከሰዓት በኋላ መንደሩ ደረስን። ያስተናገዱን አያ አየነውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። አያ አየነው ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ከተናገሩ ግን በሳቅ ይጥላሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ በወጥ እጃቸው እስከ ቡሬ የታወቁ ናቸው። ሠርግም ሆነ ተዝካር እርሳቸው ካልቀመሱት ወጥ ከምድጃ አይወርድም ይባላል። ሁለቱም ከጥናቱ ሰዎች መካከል ነበሩ።

እዚያ አንድ ነገር አሳፈረኝ። እኛ ድሬዎች ትልቅም ትንሽም አንተ ነው የምንባባለው። ቤዛ፣ «አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?» ስትለኝ በግቢው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ይበልጣል ጠጋ ብለው፣ «ተጣልተዋል እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ማታ ሳይመሽ የመንደሩ ሰው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። ቤዛ ሥራዋን አስረዳች፤ የማይፈልግ ሰው እንደማይገደድ፣ የሚፈልግ ግን ከእራት በኋላ ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምስ ጠዋት እንዲመጣ ነገረች። ሁሉም እሺ አሉ። ያን ጊዜ ቁራጭ ቧንቧዬን አውጥቼ ተነሣሁ። «የሰው ደም ሥር እንዲህ ነው» አልኩ። «የበላነው ቅባት እየረጋ፣ እየተጋገረ ይዘጋዋል።» ቧንቧው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ኮራሁ።

«አባዬ፣ ሙሉ በሙሉ እንዲህ አይደለም» አለች ቤዛ። «ኖራ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ላዩን ይለጠፋል። ኮሌስትሮል ግን ደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚገባው። ደም ሥር ሕይወት አለው፤ ይቆስላል፣ ያብጣል። ደግሞ ኮሌስትሮሉን ከምግብ ብቻ አናገኘውም፤ ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ያለ እሱም አንኖርም። ክፉው ሲበዛ ነው።»

አያ አየነው ቧንቧውን ወደ ብርሃን ይዘው አዩትና፣ «እንግዲህ ይኸ ምንድን ነው?» አሉ።

«የድሬዳዋ ውኃ ነው» አለቻቸው።

«እግዜር ይማራችሁ» ብለው መለሱልኝ። ልጄ በሰው ፊት አረመችኝ፤ ትክክል ነበረች። እውነት ከአባት ይበልጣል ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝና ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ

ጎሕ ሲቀድ ቤዛና ይበልጣል ከግቢው ውጭ ካለችው ዋንዛ ሥር ጠረጴዛቸውን ሊያሰናዱ ወጡ። እኔ ግቢ ውስጥ ቀረሁ። ሰዎቹ በብርዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡ ጀመር። እንዴት አደሩ፣ እግዜር ይመስገን፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ፤ የእነሱ ሰላምታ ከእኛ ጨዋታ ይረዝማል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ያንዳንዱን እጅ እየያዙ ወደ ቤት ያስገባሉ። ገበታው መካከል ገንፎ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል፤ በአናቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቀልጦ የሚያብለጨልጭ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበታል። ትናንት ዓርብ ነበር፤ ሁሉም ከጾም የመጣ ነው።

«አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ» ይሉኛል ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «በሞቴ! ከድሬዳዋ ድረስ መጥተው ቤቴን ሊያሳፍሩት ነው?»

እውነቱን ልጻፈው። እነዚያ ሰዎች ደም ሊሰጡ እንደ መጡ አውቅ ነበር። ሳይበሉ መሆን እንዳለበትም አውቅ ነበር። ግን ያ ገንፎ በሚተንበት ቤት፣ እኚያ ሴት በሞቴ እያሉ፣ የሰው አእምሮ እንደ ቧንቧ ይዘጋል። ምናልባት ደም የሚሰጡት ሌሎች ናቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከመካከላቸው ተቀምጬ ማንኪያዬን አነሣሁ።

ሁለተኛውን ማንኪያ ስጎርስ ቤዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደረግሁ? እንግዳዬን ቁርስ አበላሁ እንጂ።»

«ሳይበሉ ይምጡ ብለን አልነበረም?»

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ማንኪያውን እንደያዘ ተነሣ። «ቤታችንማ አልበላንም!» አለ፤ የተበደለ ሰው ድምፅ ነበረው። «እንዳልሽን ባዶ ሆዳችንን ነው የወጣነው። ልጆቼ እንኳ ሲበሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩ። የበላነው እዚህ ነው።»

ሁሉም፣ «እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው» አሉ። በእነሱ ሕግ አልተሳሳቱም። በራስ ቤት የሚበላ ለሆድ ነው፤ በሰው ቤት የሚበላ ለአክብሮት ነው። ማን አክብሮትን ከቁርስ ይቆጥረዋል?

ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ «ልጄ፣ ደሙን ልትቀጅው ያለሽውን ሰው ከእኔ ደጅ ባዶ ሆዱን ላሳልፈው?» አሉ። «ቢወድቅ፣ ጥሩወርቅ ቤት ወደቀ ሊባል ነው እኮ!»

የቤዛ ዓይን ቤቱን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አባዬ!»

«እኔ ደም አልሰጥም» አልኳት። አገጬ ላይ ቅቤ ነበረ።

ወጥታ ዋንዛው ሥር ተቀመጠች። ተከትያት ሄድኩ። ይበልጣል፣ «ኮሌስትሮሉ ራሱ እኮ በአንድ ቁርስ ብዙ አይለወጥም» ይላታል። እሷ ደግሞ፣ «ሌላው ቅባትስ? እሱ ወዲያው ነው ከፍ የሚለው። አንዱን መንደር በባዶ ሆድ፣ አንዱን በገንፎ ለክቼ ምን ብዬ ነው የማወዳድረው?» ትለዋለች። አላለቀሰችም፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መለሰች። ያ ከልቅሶ ይብስ ነበር።

ወደ ቤት ተመለስኩና ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ የሁለት ዓመቱን ሥራ፣ ሰኞ የሚገባውን ጾም፣ በሣጥኑ ያለውን በረዶ። ሲሰሙ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኧረግ! ልጂቱን በገንፎ ገደልኳት!» አሉ። ወዲያው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ዋንዛው ሄዱ።

«ልጄ፣ ሆዱ ባዶ ይሁን ያልሽው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከእራት በኋላ። እስከ ጠዋት።»

«ታዲያ ነገ ቅዳሴ አይደለም? ቅዳሴ የሚሄድ ሰው ማን በልቶ ይሄዳል? ባዶ ሆድ ከፈለግሽ ነገ አገሩ ሁሉ ባዶ ሆዱን ነው!»

ቤዛ ቀና አለች። «በሰንበት ደም መውሰድ ይፈቀዳል? እሱን ፈርቼ ነው እኮ ቅዳሜን የመረጥኩት።»

«እሱን ቄሱን እንጠይቃለን። በረዶውስ?»

የሐጂ ሰይድ በረዶ! ይበልጣል ሮጦ ዕቃውን ከፈተው። ጠንክሮ ተቀምጧል። ለአንድ ቀን ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ቄስ ታከለን ያገኘናቸው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ነገሩን ሰምተው በመስቀላቸው ወደ ቅጥሩ አመለከቱ። «በቅጥሩ ውስጥ ደም አይፈስም» አሉ። «ከቅጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ይሁን። ነገ የሚቆርብ ሰው ደሙ አይነካም፤ ይህን አትለምኑኝ። የቀረው ግን ቅዳሴው ሲያበቃ የአንቺ ነው። ባዶ ሆዱን ለመሆኑ እኔ ምስክር ነኝ።»

«እርስዎስ አባ? ከጥናቱ ነዎት እኮ» አለች ቤዛ።

«እኔማ ቀዳሽ ነኝ። እኔን በጸሎት ቁጠሪኝ።»

እሑድ

ቅዳሴው እንደ ድሬ አይደለም። እኛ ዘንድ በማለዳም ላብ ነው፤ እዚያ የካህናቱ እስትንፋስ ይታያል። ቆሜ ሳስቀድስ ሆዴ ጮኸ፤ አጠገቤ የቆሙት የአያ አየነው ሆድም መለሰለት። እንዲህ ደስ ያለኝ የሆድ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ቅዳሴው ሲያበቃ ቄስ ታከለ መስቀላቸውን ይዘው፣ «የተመዘገባችሁ ሁሉ ወደ ዋርካው ሂዱ» አሉ። «በመንገድ ማንም ቢጋብዛችሁ እሺ እንዳትሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ብትሆን!» ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እንደ ተባለው ሆነ። ሰው በወግ በወግ ተሰለፈ፤ ሽማግሌ ወደፊት፣ ጎልማሳ ወደኋላ። ቤዛ ስም ትጠራለች፣ ይበልጣል ደም ይቀዳል፣ እኔ ጥጥ አቀብላለሁ። አንዱ ክንዱን ሲዘረጋ፣ «ቅቤው ከወጣልህ መልስልኝ» ይለዋል ጓደኛው። ትናንት ማንኪያ ይዞ የተከራከረን ጎልማሳ መርፌውን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ፤ «ልጆችህ እየበሉ ነው ብለህ አስበው» አለው ይበልጣል።

ከዋርካው ትንሽ ዝቅ ብሎ የአያ አየነው ግቢ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቅዳሴው እንዳበቃ ሄደው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ድስቱ፣ ጠላው፣ እንጀራው ተሰናድቷል፤ የመንደሩ ቅበላ እዚያ ሊሆን ነው። ግን አያሳልፉም።

«ጥጥህን አሳየኝ!»

«እሜቴ፣ እኔ እኮ አማችዎ ነኝ!»

«አማቼም ብትሆን፣ ጥጥህን!»

ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ የሌለው አይገባም። አንዱ ተንኮለኛ ጥጥ ለቅሞ ለጥፎ ቢመጣ አነሥተው አዩት፤ የደም ነጥብ የለበትም። እየተሳቀበት ተመልሶ ሰልፍ ያዘ።

የመጨረሻዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው ነበሩ። በሩን ለአያ አየነው አስረክበው ወደ ዋርካው መጡ፤ ፊታቸውን አዙረው ክንዳቸውን ሰጡ። ቤዛ ብልቃጧን ተቀብላ ብርሃን ላይ አየቻት። ከሚቆርቡት በቀር የቀረ ሰው አልነበረም። «እማማ፣ ጨረስን» አለችና አቀፈቻቸው። ይበልጣል ሣጥኑን በተዋሰው ሞተር ላይ አስሮ፣ የተጠቀለለለትን ምግብ በጉያው ይዞ፣ ደም የሚያሽከረክረው ማሽን ወዳለበት ወደ ቡሬ በረረ።

ከዚያ ማዕድ ቀረበ። የበግ ወጥ ነው፤ መልኩ ቀይ፣ ቅቤው የሚንሳፈፍ። ቤዛ ወደ እኔ አየችና፣ «ትንሽ ብቻ» አለች። ያን ፈቃድ ስትሰጠኝ ዐዋጅ የሰማሁ መሰለኝ። ጎረስኩ። አኘክሁ። ቀና ብዬ ሌሎቹን አየሁ፤ እነሱም ያያሉ። ሁሉም ቀስ ብሎ ያኝካል። ወጡ ጨው የሚባል ነገር አልነበረበትም።

አያ አየነው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ጥሩዬ፣ ጨዉ የት ሄደ?»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልበሉም ነበር፤ ሲያስተናግዱ ነበር የቆዩት። አንዲት ጉርሻ አፋቸው አገቡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ወጡን የሠሩት ሌሊት ተነሥተው ነው። ባዶ ሆዴን ደም እሰጣለሁ ብለዋልና አልቀመሱም። ባላቸውም እንደዚያው ነው። ልጆቹ ይቆርባሉ፤ እነሱም አይቀምሱም። በቤቱ ውስጥ አንድ የምትቀምስ ምላስ አልነበረችም። እንዳይበዛ ፈርተው፣ ጨመርኩ አልጨመርኩም ሲሉ ድስቱ ወረደ። እኚያ፣ ያለ እርሳቸው ምላስ የአገሩ ወጥ ከምድጃ የማይወርድ ሴት፣ በቅበላ እሑድ፣ በመንደሩ ሁሉ ፊት፣ ጨው የሌለው ወጥ አቀረቡ።

አሁን ያፍራሉ ብዬ ልቤ ተጨነቀ። እርሳቸው ግን ክንዳቸው ላይ ያለችውን ጥጥ ከፍ አድርገው አሳዩና፣ «ጨዉማ በዚያች ብልቃጥ ቡሬ ሄዷል!» አሉ።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አያ አየነው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብሎ ተረቱን ሊጀምር፣ «ዝም በል፣ የመጣ እንደሆነ ይጣፍጣል!» አሉት ጓደኞቹ። የተፈጨ ጨው በሳህን መጥቶ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ አሳለፍኩት። ጨው ቀንስ ስለተባልኩ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ለልጄ ብዙ መልካም ቃል ተናግሯል፤ የሙያውን ስም ለእሷ ሥራ አሳልፎ የሰጠ ሰው ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ያን ወጥ እንደ ቀረበ፣ እንደዚያው አልጫ አድርጌ በላሁት። ከትንሽም ትንሽ አለፍኩ። ቤዛም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ሰኞ

ጾሙ ገባ። ጠዋት መንደሩ ሌላ መንደር ሆነ፤ ድስቱና ሰታቴው በአመድ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል፣ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ልንሰናበት ስንል አያ አየነው ቧንቧዬን አስወጥተው አንዴ እንደገና አዩትና፣ «ለዚህ ውኃችሁ ግን አንድ ነገር አድርጉ» ብለው መከሩኝ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ። «የትናንቱ ወጥ ጨው ነው፤ ሳይገባ የቀረው» አሉ። «ቤትዎ ሲደርሱ ወጡን ያስቡና ጣል ያድርጉበት።»

ቤዛ፣ «እማማ፣ ጨው ቀንስ ተብሏል እኮ!» አለች።

«አንቺ ደግሞ! በሐሳብ ነው የሚጨምሩት አልኩሽ። በሐሳብም ትከለክያለሽ?»

ቡሬ ላይ ሐጂ ሰይድ የበረዶ ዕቃቸው ባዶውን ሲመለስ አይተው ፈገግ አሉ። ፍኖተ ሰላም ደግሞ የማረፊያዋ ቧንቧ አሁንም አያንጠባጥብም፤ ገብቼ አይቼዋለሁ።

ይህን የምጽፈው በጾሙ መካከል ነው። የጥናቱ ውጤት ገና ነው፤ ቤዛ ጾሙ ሊፈታ ሲል ሁለተኛውን ደም ልትወስድ ትመለሳለች፤ በሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር። የእኔን ደምም ልትመረምረው ቀጥራኛለች። ምን እንደሚወጣ አላውቅም፤ የወጣውን እቀበላለሁ።

ቁራጯ ቧንቧ ወደ መደርደሪያዋ ተመልሳለች። የጨዉን ቋጠሮ ፈትቼ አጠገቧ አስቀምጬዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ቧንቧዋን ያነሣና፣ «ይኼስ ምንድን ነው?» ይላል።

«የእኛ ውኃ ነው» እለዋለሁ።

«ይኼ ነጩስ?»

«እሱ ወጥ ነው» እለውና ወንበር እስብለታለሁ።